ሣጥኑን ልከናል፤ ማን ይጠብቀው?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ለኮምፒውተር ባለሙያ ብትነግሩት ቶሎ ይገባዋል። የምንሠራበት ዕቃ ሁሉ የተቀመጠው ሩቅ ዘመድ ቤት ነውና።

ዛሬ ባንክም ሆነ ሆስፒታል፣ የስልክ ኩባንያም ሆነ የአየር መንገድ ትኬት ቆራጭ ሶፍትዌሩን የሚሠራው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም። ሌሎች ጽፈው ለሁሉም ክፍት ባደረጉት ኮድ ላይ የራሱን እየጨመረ ነው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛው ኮድ የሚገኘው ደግሞ በጥቂት ድርጅቶች ማከማቻ ውስጥ ነው። ከሁሉም ትልቁ ጊትሃብ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

በአገራችንም ነገሩ ያው ነው። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያው ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት መነሻው ኖርዌይ፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያችን የቆመበት ሞሲፕ የተሰኘው ኮድ የተወለደው ህንድ፣ ባንጋሎር ነው። ሁለቱም ክፍት ናቸው፤ የሁለቱም ኮድ ጊትሃብ ላይ ይገኛል። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ለአንድ ክሊኒክ ወይም ለአንድ የቁጠባ ማኅበር ሶፍትዌር ልሥራ ብሎ ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚደርሰው።

ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ባለሙያው «ሚረር» ይለዋል፤ እኔ መስታወት ልበለው። የሩቁን ማከማቻ ሙሉ ቅጂ አምጥቶ በቅርብ ማስቀመጥና እያደሱ መያዝ ማለት ነው። እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች ስለዚህ ነገር ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው የዐረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው። ማምጣቱን እንወዳለን። ማደሱ ላይ ግን ማናችንም የለንም። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በዚህ ጥፋት ውስጥ እጄ አለበትና፣ ከራሴ ጀምሬ ልናገር ብዬ ነው።

መስታወቱ እንዴት ይሠራል?

አብዛኛው የዓለም ኮድ የሚያዘው ጊት በተባለ መሣሪያ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በኤፕሪል 2005 የጻፈው ነው። ከሱ በፊት በስፋት ከነበሩት መሣሪያዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ከማከማቻው ቅጂ የወሰደ ሰው የሚወስደው የዛሬውን መልክ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ታሪክ በሙሉ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ሁሉ አብሮ ይመጣል። እያንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ከይዘቱ የተሰላ ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል፤ እንደ ማኅተም ማለት ነው። አንድ ፊደል ቢነካ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ከሱ በኋላ ያሉት ቁጥሮችም ሁሉ ይቀየራሉ። ስለዚህ ጎንደር የተቀመጠ ቅጂ ከካሊፎርኒያው ጋር አንድ መሆኑን በቁጥሩ ማመሳከር ይቻላል።

መስታወት ለማቆም የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ በቂ ዲስክና አንዲት ትእዛዝ ናት። ከዚያም በየሌሊቱ «አዲስ ነገር አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም ይቀጠራል። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው፤ ብዙ ዳታ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጡ ብቻ ስለሆነ ሸክሙ ይቀላል። ሃምሳ ተማሪዎች አንዱን ነገር ሃምሳ ጊዜ ከውጭ ከማውረድ አንዴ ገብቶ ከግቢው መረብ ሃምሳ ጊዜ ያወርዱታል። የዳታ ዋጋ ለሚከብደው አገር ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር።

ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን መጽሐፍ በቁም ጸሐፊ እያስገለበጡ በየገዳሙ ያኖሩ ነበር። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ፣ በጣና ደሴቶች የተቀመጡት ተርፈዋል። ቅጂን አርቆና አበዛዝቶ ማኖር ፈረንጅ ያስተማረን ጥበብ አይደለም።

መስመሩን የሚቆርጡ አራት እጆች

«አሁን እኮ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት የቴሌኮም ኩባንያ አለ፣ ኢንተርኔቱም ፈጥኗል፤ መስታወት ምን ያደርጋል?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሳፋሪኮም በኦክቶበር 2022 ሥራውን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ነገር ግን መስመሩን የሚቆርጠው እጅ አንድ አይደለም።

አንደኛው እጅ የራሳችን መንግሥት ነው። በጁን 2019 መጀመሪያ በአገር አቀፍ ፈተና ሰሞን፣ ቀጥሎም ከጁን 22ቱ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2020 ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ከጁን 30 ጀምሮ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንታት ያህል ጨለመች። ትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ እስከሚሆን ድረስ፣ ከስልኩም ከባንኩም ጋር፣ ተዘጋ። በአማራ ክልልም ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኩባንያው ሁለት ይሁን ሦስት፣ «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ ሲመጣ ሁሉም ይዘጋል።

ሁለተኛው እጅ ባሕሩ ነው። ኢትዮጵያ ወደብ የላትም፤ የውጭ መስመሯ በጎረቤት አገሮች አልፎ ነው ከባሕር ሥር ገመድ የሚገናኘው። በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር፣ በሜይ 2024 ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የባሕር ገመዶች ተቆርጠው የስንቱ አገር መስመር እንደተዳከመ የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። የመርከብ መልሕቅ ፖለቲካ አያውቅም።

ሦስተኛው እጅ የባለቤቱ አገር ሕግ ነው። በጁላይ 2019 ጊትሃብ የአሜሪካን ማዕቀብ ለማክበር ሲል የኢራን፣ የሶርያና የክራይሚያ ተጠቃሚዎችን አገልግሎት ገደበ። ማንም ሳያስጠነቅቃቸው የራሳቸው የግል ሥራ የተቆለፈባቸው ወጣቶች ነበሩ። ኢራናውያኑ የተመለሰላቸው በጃንዋሪ 2021፣ ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም። ነገር ግን በሴፕቴምበር 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ስለ ጦርነታችን የማዕቀብ ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የመጣብኝ የኢራን ልጆች ነገር ነበር። «በኛ አይደርስም» ማለት የሚቻለው እስኪደርስ ድረስ ነው።

አራተኛው እጅ የባለቤቱ ፍላጎት ነው። ጉግል ኮድ የተባለውን ማከማቻ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ጉግልን የሚያህል ድርጅት ስላቆመው ዘላለማዊ መስሎን ነበር። በ2015 ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ፣ በ2016 ተዘጋ። ክፋት አልነበረበትም፤ አስቀድሞ አስጠንቅቋል፣ አሮጌውንም ለማየት ትቶታል። ነገር ግን የሰው ቤት የሰው ነው፤ ባለቤቱ ሲሰለቸው ይዘጋዋል።

አሥራ አራት ወር የተኛው ሣጥን

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። የ2019ኙ መዘጋት ካለፈ በኋላ፣ በምኖርበት አገር ያለን ጥቂት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አራት ሺህ ዶላር ያህል አዋጣን። አንድ ደህና ሰርቨር ከነዲስኮቹ ገዝተን፣ ዋና ዋና የሆኑ የኮድ ማከማቻዎችን ጭነን፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላክን። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወደታች ታዩታላችሁ። ርክክቡ ላይ ፎቶ ተነሣን፣ ፎቶውን በየማኅበራዊ መረቡ አዞርነው፣ «አኮራችሁን» ተባልን።

በ2020 ክረምት አገሩ ሲዘጋ ሣጥኑ ሥራውን ሠራ። ግቢው ውስጥ የነበሩ ጥቂት መምህራንና ተመራቂዎች ለሦስት ሳምንት ከውጭ ምንም ሳያገኙ ሥራቸውን አላቋረጡም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልክድም።

በጁላይ 2022 ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ ሣጥኔን ልጠይቅ ሄድኩ። መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ጥያቄ ሲመጣለት ይመልሳል። ከፍቼ የመጨረሻውን ለውጥ ቀን ሳይ ግን ሜይ 2021 ይላል። አሥራ አራት ወር! ዲስኩ ሞልቶ ነበር። በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚነሣው ፕሮግራም በየሌሊቱ ተነሥቶ፣ ቦታ አጥቶ፣ ወድቆ ይተኛል። በየሌሊቱም «ወድቄያለሁ» የሚል ኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ የሚደርሰው ለአንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሥራውን ትቶ ዱባይ ከገባ ቆይቷል። የሱ ቦታ በሌላ ሰው አልተተካም። እኛም ስንልክ «ይህን ማን ያየዋል?» ብለን ለአንድ ሰው እንጂ ለአንድ የሥራ መደብ አላስረከብንም።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ የሚያሳፍር ብቻ ነበር። በዚያው ዕለት ግን ከግቢው የተመረቁ ሁለት ወጣቶች ለከተማው አንድ የግል ክሊኒክ የሠሩትን የታካሚ መዝገብ ሊያሳዩኝ መጡ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ንጹሕ ነው። ከሥር የተጠቀሙባቸውን ክፍሎች ዝርዝር ስመለከት ሎግ ፎር ጄ የሚለውን አየሁ። የቁጥሩን እርጅና ሳይ ወንበሬ ላይ አልረጋሁም።

ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። ሎግ ፎር ጄ አንድ ፕሮግራም የሚሠራውን ነገር በመዝገብ ላይ የሚጽፍለት ተራ ክፍል ነው። በዲሴምበር 2021 አንድ ቀዳዳ እንዳለበት ተገለጠ። ባዕድ ሰው በመግቢያው ሳጥን ውስጥ አንዲት የተዘጋጀች ጽሑፍ ቢጽፍ፣ ያ ክፍል ጽሑፏን መዝግቦ ዝም በማለት ፈንታ እንደ ትእዛዝ ይቀበላታል፤ ከሩቅ የሌባውን ኮድ አምጥቶ ያስኬዳል። የአደጋው መጠን ከ10 10 ተሰጠው። ማረሚያው ተከታትሎ ወጣ፤ 2.17.1 የተባለው የተስተካከለ ቅጂ የወጣው ወሩ ሳያልቅ ነው። ፋይሉ ሁለት ሜጋባይት እንኳን አይሞላም።

የኛ መስታወት ግን ሜይ ላይ ቆሟል። ዲሴምበር አልደረሰለትም።

«ጋሼ፣ እኛኮ ሁልጊዜ የምናወርደው ከዚሁ ነው፤ የራሳችን ስለሆነ አምነነው ነው» አለኝ አንደኛው።

ምን ልመልስለት? «የራሳችን ነው» ብለው እንዲያምኑት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ፎቶው ላይ አለሁበት። በስልኬ ኢንተርኔት አዲሱን ቅጂ አውርደን ከሰዓት በኋላ ቀየርነው። በክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ የሌባ ዱካ ፈለግን፤ አላገኘንም። የብዙ ሰው ሕመምና ስም የተጻፈበት መዝገብ ግን ሰባት ወር ሙሉ በሩ ሳይቆለፍ አድሯል። የጠበቀው ዕድል ነው፤ እኛ አልጠበቅነውም።

ያን ቀን የተማርሁት ይህን ነው። የሌለ መስታወት ሰውን አያታልልም፤ ሰው የለም ብሎ ከውጭ ያወርዳል። የቆመ መስታወት ግን ያታልላል፤ ትናንትን ዛሬ ነው ብሎ ያሳያልና።

ታዛዥ መስታወትም አደጋ ነው

«እንግዲያው በየሰዓቱ ይታደስ» ትሉ ይሆናል። እሱም ብቻውን አያድንም። በማርች 2013 ኬዲኢ የተባለው ትልቅ የኦፕን ሶርስ ማኅበር የደረሰበትን እንመልከት። ወደ 1500 የሚጠጉ የኮድ ማከማቻዎች የነበሩበት ዋናው ሰርቨር ለእድሳት ቆሞ ሲነሣ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ተበላሽቶ ተገኘ። በየአገሩ መስታወቶች ስለነበሩ «ችግር የለም» መባል ነበረበት። መስታወቶቹ ግን ታዛዦች ነበሩ። ዋናው የማከማቻዎቹን ዝርዝር አበላሽቶ ሲያቀርብ፣ እነሱም «እንግዲህ ይህ ጠፍቷል ማለት ነው» ብለው የያዙትን ጤነኛ ቅጂ ደመሰሱ። ማኅበሩን ያዳነው በዚያው ሰሞን የተተከለ አንድ ሰርቨር ነው፤ ጥፋቱ ሳይደርስበት ተርፎ ጤነኛው ቅጂ እሱ ላይ ተገኘ። የብዙ ዓመት የብዙ ሰው ሥራ በአጋጣሚ ዳነ ማለት ነው።

የድሮ ጸሐፍት ይህን ያውቁታል። የተሳሳተ መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ታማኝ በሆነ ቁጥር ስሕተቱን በታማኝነት ያስተላልፋል። ስለዚህ ነው ከግልበጣ በኋላ የሚያርም ሌላ ሰው የሚያስፈልገው።

በጃንዋሪ 2017 ጊትላብ የተባለው ድርጅት ላይ የደረሰውም ትምህርት ነው። አንድ ባለሙያ ሌሊት ደክሞት ሳለ ከሁለቱ ሰርቨሮች የተሳሳተውን ይዞ ወደ 300 ጊጋባይት የሚጠጋ ዳታ አጠፋ። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ ሲሞክሩት አንዱም በሚገባ አልሠራም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ሌላ ባለሙያ ለራሱ ጉዳይ የወሰደው ቅጂ ነው፤ የስድስት ሰዓቱ ዳታ ግን ጠፋ። ድርጅቱ ጉዱን ሳይደብቅ ለሕዝብ ስለጻፈ እናመሰግነዋለን። አምስት መጠባበቂያ ይዞ አንዱንም ሳይሞክሩ መኖር የኛም ልማድ ነውና።

ሌላም አለ። በማርች 2024 ኤክስ ዜድ በተባለ፣ በሊኑክስ ውስጥ ሁሉ በሚገኝ የማመቂያ ኮድ ላይ ሆን ተብሎ የተተከለ የሌባ በር ተገኘ። የተከለው ሰው በሐሰት ስም ለሁለት ዓመት ያህል ደግ ተባባሪ መስሎ የባለቤቱን እምነት ያገኘ ነው። መርዙ የነበረው በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቅጂዎች፣ ማለትም በጣም ትኩስ በሆኑት ውስጥ ነው። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሲሆን፣ የነቃውም ወደ ኮምፒውተር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። የተረጋጋውን የዴቢያን ቅጂ ይጠቀሙ የነበሩት አልተነኩም፤ ትኩሱን የሚያሳድዱት ናቸው የተነኩት።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህና ወዲያ ነው። ያልታደሰ መስታወት የክሊኒኩን በር ከፍቶ ያሳድራል። ያለ ጥያቄ የሚታደስ መስታወት ደግሞ የሩቁን ጥፋትና የሩቁን መርዝ በየሌሊቱ ተሸክሞ ይገባል። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ዓይኑን ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ሣጥኑን እንጂ ሰውየውን አላክንም።

ሰውየው የት አለ?

አራት ሺህ ዶላር ስናዋጣ ከመካከላችን አንድም ሰው «ለሦስተኛው ዓመት ማን ይከፍላል?» ብሎ አልጠየቀም። ብንጠየቅም መልስ አልነበረንም። ማሽን ይታያል፣ ይነካል፣ ፎቶ ይነሣል። በየሰኞ ጠዋት ዲስኩን የሚያይ ቴክኒሻን ግማሽ ደመወዝ ግን ለፎቶ አይመችም። እስኪ የእናንተንም ማኅበር መዝገብ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ስንት ኮምፒውተር፣ ስንት አምቡላንስ፣ ስንት የራጅ ማሽን ላክን? ለጥገና፣ ለመለዋወጫ፣ ለሚሠራበት ሰው የተላከው የትኛው ገጽ ላይ ነው? እኔ የራሳችንን መዝገብ ስፈልግ ገጹ የለም።

«አገር በጦርነት እየተናጠች፣ ሕዝብ እየተፈናቀለ አንተ ስለ ኮድ ታወራለህ» የሚለኝ አለ፤ ብሎኝም ያውቃል። ቁም ነገር ያለው ወቀሳ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስ። የክሊኒኩ ታካሚም ሕዝብ ነው። መታወቂያው፣ የጤና መዝገቡ፣ የቁጠባ ሒሳቡ በኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እኛ ብንፈልግም ባንፈልግም። መስመር ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጎዳው ሌላ መንገድ የሌለው ነው። ባለሀብቱ ናይሮቢ ሄዶ ሥራውን ይሠራል። የገጠር ጤና ጣቢያው የትም አይሄድም። ሰላም የሚመጣበትን መንገድ የሚያውቅ ይጻፍ፤ እኔ የማውቀው ዲስክ መቼ እንደሚሞላ ነው፣ እሱን ልጻፍ።

ምን ይደረግ?

ከ2022 ወዲህ ያንን ሣጥን በሌላ መልክ ነው የያዝነው። የሠራልንን በአጭሩ ላስፍር፤ እንዲህ ያለ ሥራ ያሰበ ማኅበር ይጠቀምበት።

አንደኛ፣ ዕድሜው በግንባሩ ይጻፍ። ዴቢያን የራሱን ማከማቻ ማውጫ «እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ የሚያገለግል» ብሎ ያትምበታል፤ ቀኑ ካለፈ የተጠቃሚው ኮምፒውተር ራሱ አልቀበልም ይላል። እንደ መድኃኒት ጠርሙስ ማለት ነው። የኛም ሣጥን የመጨረሻ የታደሰበትን ቀን መግቢያው ላይ ያሳያል፤ ሰባት ቀን ካለፈው በቀይ ይጽፋል።

ሁለተኛ፣ ዝምታ ደወል ይሁን። የሰፈር ዘበኛ ሌሊት ፊሽካ የሚነፋው ሌባ ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ «አለሁ» ለማለትም ነው። ፊሽካው የጠፋ ሌሊት ነው ሰው የሚነሣው። እኛም «ሲወድቅ ኢሜይል ይላክ» የሚለውን ትተን፣ በየሌሊቱ «አለሁ፣ ታድሻለሁ» እንዲል አደረግን። ለሁለት ሌሊት ካልተሰማ፣ እዚህም እዚያም ያለን አራት ሰዎች ስልካችን ይጮኻል።

ሦስተኛ፣ የትናንቱ አይደምሰስ። በየሳምንቱ የማይነካ ቅጂ ይቀመጥ። የሩቁ ማከማቻ ቢያጠፋ እኛ ቶሎ አናጥፋ። አዲስ የመጣውም ለጥቂት ቀናት ጓዳ ይቆይና ይውጣ፤ የደኅንነት ማረሚያ ከሆነ ግን ሰው አይቶት በዚያው ቀን ይለፍ። ይህን የሚለይ ማሽን የለንም፤ የሚያነብ ሰው ነው ያለን።

አራተኛ፣ ቅመሙም ይምጣ። ኮዱን ብቻ ይዞ የሚገነባባቸውን ክፍሎች ያልያዘ መስታወት፣ የዶሮ ወጥ አሠራር ጽፎ በርበሬና ሽንኩርት እንደሌለው ወጥ ቤት ነው። ሞሲፕንና ዲኤችአይኤስ 2ን ብንወስድ በጃቫ የተጻፉ ናቸው፤ ሲገነቡ ከሌላ ማከማቻ ብዙ ክፍል ያወርዳሉ። ኮዱ ጊትሃብ ላይ ቢሆንም እነዚያ ክፍሎች ሌላ ቦታ ናቸው። የጥያቄና መልሱ ውይይትም ከኮዱ ጋር አብሮ አይገለበጥም፤ በተለየ መንገድ ካልመጣ ይቀራል።

አምስተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ገመዱን ንቀሉት። አዎ፣ በእጃችሁ። የውጭውን መስመር ዘግታችሁ አንድ ሙሉ ሥራ ከመስታወቱ ብቻ ተነሥታችሁ ገንቡ። መጀመሪያ ስንሞክረው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደቅን፤ ማንም ያላሰበው አንድ ትንሽ ክፍል ከውጭ ይጠራ ነበር። በሰላሙ ቀን መውደቅ አያሳፍርም። ጅብ ከሄደ በኋላ መጮህ ነው የሚያሳፍረው።

ስድስተኛና ዋናው፣ ከማሽኑ በፊት የሰው ደመወዝ ይዋጣ። የሦስት ዓመት የግማሽ ቀን ደመወዝ ለሁለት ሰው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ነገ ዱባይ ይሄዳል፤ መሄዱም መብቱ ነው፤ እኛስ ሄደን አይደል? ሁለት ከሆኑ የሚሄደው ለሚቀረው ያስረክባል። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ፣ ማሽኑን ትንሽ ግዙት።

ለማጠቃለል

ጊትሃብ በፌብሩዋሪ 2020 የነበረውን ክፍት ኮድ በልዩ ፊልም አሳትሞ፣ በ186 ጥቅልል፣ 21 ቴራባይት ያህል፣ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ስቫልባርድ በሚገኝ የድሮ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ አኑሮታል። ሺህ ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ነው። መልካም ነው፤ የልጅ ልጆቻችን ይዩት። እኛ ግን የሚያስፈልገን ሺህ ዓመት የሚቆይ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ትክክል የሆነ ቅጂ ነው። ለዚያ በረዶ አያስፈልግም፤ ሰኞ ጠዋት የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል።

ያ የክሊኒክ መዝገብ የሠራው ልጅ ዛሬ ሣጥኑን ከሚጠብቁት ከሁለቱ አንዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ፊሽካው ጠፍቶ ስልኬ ጮኸ፤ ስደውልለት መብራት ሄዶ እንደነበርና ጀነሬተሩን አስነሥቶ እንደጨረሰ ነገረኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይተኙ፤ እኔ አለሁ» አለኝ። አራት ሺህ ዶላራችን ያልገዛልንን ነገር ያን ሌሊት ሰማሁት።

ቸር ይግጠመን።